200 አምፔር የተባለው ኬብል በእርግጥ ስንት ይሸከማል?

ጥያቄው የመጣው ካዛንቺስ አካባቢ ሦስት ሕንፃዎች ያሉበትን ግቢ የኤሌክትሪክ ጥገና ከሚመሩ አንባቢ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ግቢያችን በ15 ኪሎ ቮልት በአንድ ኬብል ነው የሚመገበው። ኬብሉ 95 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ አሉሚኒየም፣ ባለሦስት ኮር ነው፤ ኢንሱሌሽኑ ኤክስኤልፒኢ (ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ) ነው። ድሮ መስመሩ በምሶሶ ላይ ነበር። መንገዱ ሲሠራ ከመሬት በታች በቱቦ ገባ። አጠገቡ የሌላ ግቢ ኬብል ያለበት ቱቦ ተጠግቶ ያልፋል። ሦስት ባለ 1600 ኬቪኤ ትራንስፎርመሮች አሉን። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ድረስ እስከ 135 አምፔር እንስባለን፤ ፓወር ፋክተሩ (ከሚሳበው ኃይል በእርግጥ ሥራ የሚሠራው ድርሻ) 0.8 አካባቢ ነው። አሁን አንድ ባለ 1250 ኬቪኤ ትራንስፎርመር ልንጨምር ነው። ሲደመር 183 አምፔር ይሆናል። ካታሎጉ ኬብሉ 200 አምፔር ይችላል ይላል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ብርድ ናት። ሪሌዩ (ብሬከሩን እንዲቆርጥ የሚያዘው መሣሪያ) ላይ ያለው የቴርማል ኦቨርሎድ (ኬብሉ ከልክ በላይ እንዳይግል የሚጠብቀው) ሴቲንግ ፋብሪካው እንደተወው 1.10 እና 100 ደቂቃ ነው፤ ሲቲው (ከረንቱን አሳንሶ ለሪሌዩ የሚሰጠው) 200 ለ 5 ነው። እንዳለ ልተወው ወይስ ላጥፋው? ሾርት ሲፈጠር የሚቆርጥ ኦቨርከረንት እኮ አለን።»

አይተዉት፣ አያጥፉትም። አዲሱን ትራንስፎርመርም በዚህ ኬብል ላይ አይጨምሩ። አሁን ባለው ሴቲንግ ጥበቃው ስሙ ብቻ ነው ያለው።

ከመጀመሪያው ስህተት ልነሳ። ብዙ ሰው ሪሌዩ የኬብሉን ሙቀት የሚለካ ይመስለዋል። አይለካም። ሪሌዩ የሚያውቀው ከሲቲው የሚመጣውን ከረንት ብቻ ነው። ከረንቱን በራሱ ያባዛል፤ ምክንያቱም በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከከረንቱ ስኩዌር ጋር ነው የሚያድገው። ከዚያ እርስዎ በሰጡት ሁለት ቁጥር ተመርቶ «ኬብሉ እስካሁን ይህን ያህል ግሎ መሆን አለበት» ብሎ ያሰላል። ሁለቱ ቁጥሮች ከተሳሳቱ ስሌቱ በሙሉ ይሳሳታል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ፐርሰንት ግን ያው በራስ መተማመን የሞላበት ቁጥር ነው።

አንደኛው ቁጥር የከረንት ገደብ ነው። ሁለተኛው የጊዜ ቁጥር ነው፤ በሙያው ታው የምንለው። የታውን ነገር ለመረዳት የእንጀራ ምጣድ ያስቡ። ሲሰካ ወዲያው አይግልም፣ ሲነቀልም ወዲያው አይበርድም። ታው ማለት ሙቀቱ ከመጨረሻው ልኩ 63 ፐርሰንት ላይ እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ተራው ኦቨርከረንት ይህን የምጣድ ባሕርይ አያውቅም። ትዝታ የለውም። ከሴቲንጉ በታች ያለ ከረንት ሲያይ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት ኬብሉ ምን ሲሸከም እንደነበር አይጠይቅም። ሥራው ሾርት መቁረጥ ነው፣ እሱንም በደንብ ይሠራል። ከገደቡ 30 ፐርሰንት ከፍ ብሎ ለሰዓታት የሚቆይ ጭነት ግን በአጠገቡ ያልፋል። «ኦቨርከረንት አለን» የሚለው መልስ የማይሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ 200 አምፔሩ። ይህ ቁጥር የኬብሉ ብቻ አይደለም፤ የኬብሉና የአፈሩ የጋራ ቁጥር ነው። በዓለም አቀፉ የኬብል ደረጃ በአይኢሲ 60502-2 ሠንጠረዦች ላይ የተመሠረተ ካታሎግ ሲያነቡ ከጀርባው የታሰበ አንድ ጉድጓድ አለ። የአፈሩ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ጥልቀቱ 80 ሳንቲ ሜትር ነው። አፈሩ ሙቀት እንዳያልፍ የሚከለክልበት መጠን 1.5 ኬልቪን ሜትር በዋት ነው። ኬብሉ ያለ ቱቦ በቀጥታ ተቀብሯል፣ አጠገቡም ሌላ የሚግል ነገር የለም። የእርስዎ ጉድጓድ ይህን አይመስልም።

አንድ በአንድ እንቀንስ። ቱቦ ውስጥ ሲገባ በኬብሉና በቱቦው መካከል አየር አለ፤ አየር ደግሞ ሙቀት በደንብ አያሳልፍም። በዚህ መጠን ላለ ባለሦስት ኮር ኬብል 13 ፐርሰንት ገደማ ይወርዳል፤ 200 የነበረው 175 ሆነ። የጎረቤት ኬብል ያለበት ቱቦ ተጠግቶ ካለፈ በ0.85 አካባቢ ይባዛል፤ ወደ 149 ወረደ። ቀጥሎ የአፈሩ ድርቀት አለ። በበጋ አፈሩ ውሃውን ሲያጣ ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ ይደክማል። ቁጥሩን ከ1.5 ወደ 2 ብንወስደው በቱቦ ውስጥ ላለ ኬብል ማባዣው 0.94 ገደማ ነው። የቀረን 140 አምፔር ነው። ትክክለኛውን ማባዣ ከኬብልዎ አምራች ሠንጠረዥ ይውሰዱ፤ ከዚህ ብዙ ይርቃል ብዬ ግን አላስብም።

ስለ ብርዱ ደግሞ፦ አዲስ አበባ ለኬብል ደግ ከተማ ናት፤ ይህ እውነት ነው። ግን ሠንጠረዡ ገና ሲጀምር አፈሩን 20 ዲግሪ ብሎ አስቦታል። ብርዱ በሂሳቡ ውስጥ አስቀድሞ ተቆጥሯል። ከዚያ በላይ ትርፍ አያስገኝልዎትም። ከ2,000 ሜትር በላይ የሆነው የከተማችን ከፍታም ለተቀበረ ኬብል ለውጥ የለውም። ቀጭኑ አየር የሚጎዳው በአየር የሚበርዱትን ነው፤ ትራንስፎርመሩን፣ ጄኔሬተሩን፣ የስዊች ፓነሉን።

እዚህ ከተማ እኔን የሚያሳስበኝ አፈሩ ነው። በተለይ ወደ ቦሌ ሲወረድ የሚበዛው ዋልካ። ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ያኔ ለኬብል ጥሩ ነው። በጋ ላይ ይሰነጠቃል። በቱቦው ዙሪያ ክፍተት ይፈጠራል፣ ክፍተቱ አየር ይይዛል፣ ሙቀቱም መሄጃ ያጣል። ነሐሴ ላይ ያለ ችግር 150 አምፔር የተሸከመ ኬብል መጋቢት ላይ ያንኑ ሲሸከም ሊቃጠል ይችላል። ሴቲንግ የሚወጣው ለመጋቢት ነው።

መንገዱን በሙሉ ማየትም አይቀርም። 300 ሜትር ኬብል ውስጥ 290ው በጥሩ አሸዋ ቢቀበርና 10 ሜትሩ ስምንት ቱቦ ባለበት የኮንክሪት ማለፊያ ቢሄድ፣ የኬብሉ አቅም የዚያች 10 ሜትር አቅም ነው። ቅርብ ጊዜ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ መስመሮች ከምሶሶ ወርደው መሬት ውስጥ ገብተዋል። ለዓይንም ለደኅንነትም ጥሩ ነው። ግን በምሶሶ ላይ ያለ ባዶ ሽቦ ነፋስ ያበርደዋል፤ ታውም በአብዛኛው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ገደማ ነው። የተቀበረ ኬብል ሌላ ፍጥረት ነው። መስመሩ ሲወርድ ሴቲንጉም አብሮ መቀየር ነበረበት። በየፓነሉ የማየው ግን የድሮውን ቁጥር ወይም ፋብሪካው የተወውን ነው።

አሁን የእርስዎን 1.10 እንይ። ይህን ቁጥር ብዙ ሰው «10 ፐርሰንት መጠባበቂያ» አድርጎ ያነበዋል። አይደለም። በብዙ ሪሌዮች ላይ ይህ ኬ የሚባለው ማባዣ የሚባዛው በሲቲው ቁጥር ነው። ሲቲዎ 200 ስለሆነ ገደቡ 220 አምፔር ሆኗል። በአንዳንድ አምራች ሪሌይ ደግሞ ለብቻው በሚሞላ የኬብል ከረንት ይባዛል። የትኛው እንደሆነ የሪሌዩን ማኑዋል ከፍተው ቀመሩን ይዩ፤ በግምት አይሙሉት።

በ220 ገደብ 183 አምፔር ቢሄድ ሪሌዩ ምን ይላል? 183ን ለ220 አካፍለው በራሱ ያባዙት፤ 69 ፐርሰንት። ማስጠንቀቂያ የለም፣ ትሪፕ (ብሬከሩን ማስቆረጥ) የለም። ኬብሉ ግን የሚችለው 140 ነው። 183ን ለ140 አካፍለው በራሱ ሲያባዙት 1.71 ይመጣል። አፈሩ 20 ዲግሪ ከሆነና ኬብሉ በ140 አምፔር 90 ዲግሪ የሚደርስ ከሆነ፣ ጭማሪው 70 ዲግሪ ነበር። ያ 70 በ1.71 ሲባዛ 120 ይሆናል። ጭነቱ ሳይቋረጥ ቢቆይ ሽቦው ወደ 140 ዲግሪ ይጠጋል ማለት ነው። ኤክስኤልፒኢ በቋሚነት የሚችለው 90 ዲግሪ ነው። 250 ዲግሪ የሚባለው ለሾርት ብቻ፣ ቢበዛ ለ5 ሴኮንድ ነው። ኢንሱሌሽኑ በዚህ ሙቀት በአንድ ቀን አይፈነዳም። ያረጃል። መጀመሪያ የሚሄደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጆይንቱ (ኬብል ከኬብል የተቀጠለበት ቦታ) ወይም ጫፉ ላይ ያለው ተርሚኔሽን ነው።

እዚህ ላይ ለጭነትዎ ፍትሕ ልስጥ። ቀን 4 ሰዓት ያህል ከፍ ብሎ ሌሊት ይወርዳል። አፈሩ ለመጋል ሰዓታት ሳይሆን ቀናት ስለሚፈጅበት፣ የማታው እረፍት ይጠቅማል። አይኢሲ 60853 ይህን የሚያሰላበት መንገድ አለው፤ ከፍተኛው ሰዓት ላይ ከቋሚው አቅም በመጠኑ ከፍ ማለት ሊፈቅድ ይችላል። ግን የሁለት ሳምንት የጭነት መዝገብ ይዞ የሚሠራ ስሌት ነው። በእጅ ግምት የሚወሰድ አይደለም። ከ140 ወደ 183 የሚያደርስም አይደለም።

ታውስ? ፋብሪካው የተወው 100 ደቂቃ ለዚህ ኬብል ረጅም ነው። ቀላሉ መገመቻ ይህ ነው፦ ኬብሉ ለአንድ ሴኮንድ የሚችለውን የሾርት ከረንት በቋሚ ከረንቱ አካፍለው፣ በራሱ አባዝተው፣ ለ60 ያካፍሉ። ውጤቱ በደቂቃ ነው። አሉሚኒየም በኤክስኤልፒኢ ኢንሱሌሽን ለአንድ ሴኮንድ በካሬ ሚሊ ሜትር 94 አምፔር ይችላል። በ95 ሲባዛ 8,930 አምፔር ነው። በካታሎጉ 200 ስናካፍለው ወደ 33 ደቂቃ ይመጣል። በተቀነሰው 140 ብናካፍለው ግን 68 ደቂቃ ይሆናል። ብዙ ባለሙያ እዚህ ይሳሳታል፤ ጉድጓዱ ሲከፋ ታው የተራዘመ መስሎት ሪሌዩን የበለጠ ታጋሽ ያደርገዋል። እኔ አጭሩን ነው የምወስደው። 30 ደቂቃ ያስቀምጡ። ሪሌዩ ከኬብሉ ቀድሞ ቢግል የሚጎዳ የለም።

አጭር ታው አንድ ጎዶሎ አለው። ቶሎ ይረሳል። ከሁለት ሰዓት እረፍት በኋላ ሪሌዩ «ቀዝቅዟል» ይላል፤ አፈሩ ግን ገና ሞቅ እንዳለ ነው። ገደቡን ከዚያው ከክፉው ጉድጓድ ስላወጣነው አደጋው ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ይወቁት።

ስለዚህ ሴቲንጉ ይህን ይመስላል። ኬ በሲቲው የሚባዛ ከሆነ 0.70፣ ማለትም 140 አምፔር። ታው 30 ደቂቃ። ማስጠንቀቂያ 90 ፐርሰንት ላይ። በዚህ ሴቲንግ 135 አምፔር ሲቆይ ሪሌዩ 93 ፐርሰንት ያሳያል፤ ስለዚህ ማስጠንቀቂያው እያንዳንዱ ቀን ረፋድ ላይ መጮህ ይጀምራል። እንዳይጮህ ብለው ከፍ አያድርጉት። እውነቱን ነው የሚነግርዎት፤ ኬብሉ ሞልቷል። ለሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያውን ብቻ አብርተው ይመዝግቡ፣ ከዚያ ትሪፑን ያብሩ። በማስጠንቀቂያ ብቻ ለዘለቄታው መተው ግን ትክክል አይደለም፤ እሑድ ወይም ሌሊት የሚሰማው ሰው የለም።

ትሪፕ ሲያደርግ ሦስት ሕንፃ አብሮ ይጨልማል፣ ያ ያስፈራዎታል። መፍትሔው ገደቡን ማንሳት አይደለም። የማስጠንቀቂያውን ኮንታክት ተጠቅመው መጀመሪያ የውሃ ማሞቂያዎቹንና ከፊሉን ኤሲ በራሱ እንዲያወጣ ያድርጉ። 135 አምፔር እየሄደ ሳለ ድንገት 183 ቢሆን ትሪፑ ወደ 3 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ለአውቶማቲክ ጭነት ቅነሳ ይበቃል፤ ለሰው ሩጫ አይበቃም። የእሳት ፓምፑን ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ በፍጹም አያስገቡት፤ ዋናው ብሬከር ቢወድቅም ከጄኔሬተሩ የሚሠራ መሆኑን ያረጋግጡ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። የመጀመሪያው ስለ ትዝታው ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሊፍቱ፣ ፓምፑ፣ ኤሲው በአንድ ጊዜ ይነሳል። ሪሌዩ በዚህ ሰዓት የቀድሞውን ሙቀት ማስታወስ አለበት። አንዳንዱ ሪሌይ ራሱ የሚሠራበት ኃይል ሲቋረጥ ቆጠራውን ወደ ዜሮ ይመልሳል። የፓነሉ ባትሪ ከሞተ ደግሞ መብራት በሄደ ቁጥር ይህ ይሆናል። ባትሪውንና ቻርጀሩን ዛሬውኑ ይፈትሹ። በየግቢው ስዞር ባትሪው የደረቀ ፓነል ማየት ለኔ ብርቅ አይደለም፤ ያ ባትሪ ደግሞ ብሬከሩ የሚወድቅበትም ኃይል ነው።

ሁለተኛው ቁልፉ ነው። ብዙ ሪሌይ ላይ የሙቀት ቆጠራውን የሚያጠፋ ትእዛዝ አለ። አንድ ቦታ ላይ ብሬከሩ በወደቀ ቁጥር ተረኛው ያንን እየተጫነ መልሶ ይዘጋው ነበር። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም፤ ማንም አላስረዳውም። ጆይንቱ እስኪቃጠል ድረስ ቀጠለ። ትእዛዙን በፓስዎርድ ይዝጉት። ተረኛው ፐርሰንቱ ወደ 70 እስኪወርድ መጠበቅ እንዳለበት ይወቅ፤ በ30 ደቂቃ ታው ይህ ጭነት ተቋርጦ ሳለ 11 ደቂቃ ያህል ነው። ያውም ብሬከሩን የጣለው ኦቨርሎድ እንጂ ሾርት አለመሆኑን ከሪሌዩ መዝገብ ካረጋገጠ በኋላ።

በተጨማሪ ሪሌይዎ የሙቀት ሴንሰር የሚቀበል ከሆነ የክፍሉን አየር የሚለካ ሴንሰር አያስሩበት። የስዊች ክፍሉ ሙቀት ስለ አፈሩ የሚነግረው ነገር የለም።

ስለ አዲሱ ትራንስፎርመር። መጀመሪያ የሚሠራው ርካሹ ነገር ፓወር ፋክተሩን ማስተካከል ነው። በትራንስፎርመሮቹ ሁለተኛ ወገን ካፓሲተር አስገብተው ከ0.8 ወደ 0.95 ቢያደርሱት፣ 135 አምፔሩ ወደ 114 ይወርዳል። ኬብሉ ላይ 21 አምፔር ነፃ ወጣ ማለት ነው። ኤልኢዲ፣ ዩፒኤስና የሞተር ድራይቭ የበዛበት ሕንፃ ስለሆነ ካፓሲተሩ ሪአክተር (መከላከያ ጥቅል ሽቦ) የተገጠመለት ይሁን፤ ካልሆነ እነዚህ ዕቃዎች የሚፈጥሩት የከረንት መዛባት (ሃርሞኒክስ) ራሱን ካፓሲተሩን ያቃጥለዋል። ይህን ሁሉ አድርገው እንኳ የአዲሱ ትራንስፎርመር 48 አምፔር ሲደመር 162 ነው። አሁንም ከ140 በላይ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛ ኬብል ያስፈልጋል፤ ሌላ መንገድ ልጠቁምዎት አልችልም። ከመጀመሪያው ራቅ ብሎ በራሱ ቱቦ ይሂድ። የራሱ ብሬከርና የራሱ ሪሌይም ይኑረው። ሁለት ኬብል በአንድ ብሬከር ላይ አብሮ ማሰር ያጓጓል፣ ርካሽ ነው። ግን ሪሌዩ የሚያየው ድምሩን ነው። አንዱ ኬብል ጆይንቱ ላይ ቢላቀቅ ሁለተኛው ሁሉንም ብቻውን ይሸከማል፣ ሪሌዩም ምንም እንዳልተፈጠረ ይቆጥራል። የጭነት ጭማሪውና የመግቢያው ብሬከር ሴቲንግ ደግሞ ከኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ጋር በጽሑፍ መስማማት አለበት፤ ከእርስዎ በላይ ያለው ጥበቃ ከእርስዎ ቀድሞ እንዳይወድቅ።

ሴቲንጉን ሲያስገቡ በኢንጀክሽን መፈተሻ (ለሪሌዩ የተለካ ከረንት በሚልክ መሣሪያ) ይሞክሩት። ብሬከሩ ከመስመር ወጥቶ፣ ፈቃድ ባለው ሰው። የሙቀት ቆጠራውን ዜሮ አድርገው በሲቲው ሁለተኛ ወገን 4.58 አምፔር ይልቀቁ፤ ይህ የ183 አምፔሩ ልክ ነው። 26 ደቂቃ ገደማ ላይ መውደቅ አለበት። 3.4 አምፔር ቢለቁ ግን 94 ፐርሰንት አካባቢ ላይ ተረጋግቶ መቆየት አለበት፣ አይወድቅም። ቁጥሮቹ ከዚህ በጣም ከራቁ ኬው የሚባዛው እርስዎ በገመቱት ነገር አይደለም፤ ወደ ማኑዋሉ ይመለሱ። ሲያልፍ ቀኑን፣ ሁለቱን ቁጥሮችና 140ው የወጣበትን ስሌት በወረቀት ጽፈው በፓነሉ በር ውስጠኛ ገጽ ይለጥፉት። አጠገብዎ ሌላ ኬብል በተቀበረ ቁጥር ያ ስሌት እንደገና ይሠራል።